14 የሌለበት የቁጥር መስመር

የቁጥር መስመርን ታስታውሳላችሁ? «ከ14 ይበልጣል» ከተባለ 14 ላይ ባዶ ክብ ሠርተን ቀስቱን ወደ ቀኝ እንስባለን። «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» ከተባለ ክቡን እናጠቁረዋለን። እኔ ይህን ሁሉ ፈረንጅ ያመጣልን ይመስለኝ ነበር። ምልክቶቹስ እውነትም የእነሱ ናቸው፤ የ«ይበልጣል» እና የ«ያንሳል» ምልክቶች በ1631 እ.ኤ.አ. የታተሙት በሟቹ እንግሊዛዊ ቶማስ ሃሪዮት መጽሐፍ ነው። ሐሳቡ ግን አገራችን ውስጥ ነበር።

እስቲ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም እንሂድ። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ተማሪው ድጓን ሌላ ቦታ ቢማርም የሚያስመሰክረው እዚያ ሄዶ ነው። ድጓ ደግሞ ያለ ቀን ቆጠራ አይሆንም። ጾመ ድጓ የሚዜመው በዐቢይ ጾም ነው፤ ጾሙ ግን በየዓመቱ ቀኑን ይቀያይራል። መቼ እንደሚገባ የሚነግረን፣ ትውፊቱ ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብ ነው።

የ2017ን እንሥራ። በ2017 ላይ 5500 ስንደምር 7517 ይሆናል። ለ19 ስናካፍለው 12 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ 11፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ19 አባዝተን ሠላሳ ሠላሳውን ስንገድፍ 29 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ይውላል፤ ካነሰ በጥቅምት። 29 ስለበለጠ መስከረም 29 ዋለ፤ ዕለቱ ረቡዕ ነበር። የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው። ሲደመር 33፣ ሠላሳው ሲገደፍ 3፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ገባ። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 12 ሆነ።

ታዲያ መጥቅዕ ራሱ 14 ቢሆንስ? አይሆንም! ወንበር ከ0 እስከ 18 ነው። 19ኙንም ብታሰሉ 13 ታገኛላችሁ፣ 15 ታገኛላችሁ፤ 14 ግን የለም። ድንበሩ የተሰመረው ማንም በማይቆምበት ቦታ ነው። ባዶ ክብ ማለት ይኸው ነው።

ፋሲካ ደግሞ ከመጋቢት 26 አይቀድም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። ሁለቱም ቀኖች ስለሚገቡ ሁለቱም ክቦች ይጠቁራሉ፤ በመካከላቸው ያለው 35 ቀን ብቻ ነው።

12 ዓመት ሒሳብ ስማር ይህን ያነሳልኝ መምህር አልነበረም። የቆሎ ተማሪ ሲለምን አይተን «ምስኪን፣ ትምህርት አላገኘም» የምንል ስንቶቻችን ነን? እኛ ፋሲካን ከግድግዳ ካላንደር ላይ እናነባለን። የአብነት ሊቃውንቱ በቃላቸው ያወጡታል።