መቆምን ማስተማር፦ የአቋቋም መምህርነት በታሪካችን



ዛሬ የምናገረው ሰውነትን ስለሚያስተምር መምህር ነው። አካልና አእምሮን አስተባብሮ አቋምንና እንቅስቃሴን ማስተማር በውጭው ዓለም ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1869 በታዝማኒያ የተወለደው ፍሬድሪክ ማትያስ አሌክሳንደር፣ በ1931 በለንደን የመምህራን ማሠልጠኛ ሲከፍት የትምህርቱን ዘመን ሦስት ዓመት አድርጎታል። በዚያ ሙያ መምህሩ የተማሪውን የአቋቋም ልማድ በቃልና በእጁ ንክኪ ያቀናል። በአገራችን ደግሞ ከዚያ እጅግ ቀድሞ፣ በመቆም ስም የተጠራ ሙሉ የትምህርት ዘርፍ ነበረ፤ ዛሬም አለ። እርሱም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤቶች የሚሰጠው አቋቋም ነው።

ስሙን ልብ እንበል። «ቆመ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ የአቆምን ሥርዓት ያመለክታል። ተማሪው ቁም፣ ዝማሜ፣ መረግድና ጽፋት እያለ በየደረጃው ያጠናል። በዝማሜ መቋሚያው ከሰውነት ጋር ይወዛወዛል፤ በመረግድና በጽፋት ከበሮ ይመታል፤ የዜማው አካሄድም እየፈጠነ ይሄዳል። ማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ሊቆይ ስለሚችል መቋሚያው የደከመ ሰውነት መደገፊያም ነው። አገልጋዩ የግእዙን ቃል፣ ዜማውን፣ የእጁን ጸናጽልና የእግሩን እርምጃ በአንድ ጊዜ ይጠብቃል። ሐሳቡ ከተበተነ ጸናጽሉ ይዘገያል፤ መዘግየቱንም በግራና በቀኝ የቆሙት ሁሉ ይሰማሉ። ስለዚህ በአቋቋም ቤት ልብን መሰብሰብና ሰውነትን ማቅናት አንድ ትምህርት ናቸው።

ይህ ትምህርት ያለ መምህር የማይሆንበት ታሪካዊ ምክንያት አለው። ለቅዱስ ያሬድ ዜማ የሚያገለግሉት የድጓ ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ በአዝማች ጌራና በአዝማች ራጉኤል እንደተዘጋጁ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። በዚህም ድምፅ በብራና ላይ ማረፊያ አገኘ። የትከሻው ውዝዋዜ፣ የጉልበቱ እጥፋት፣ የመቋሚያው ዘንበል ማለት ግን ከመምህሩ ሰውነት ወደ ተማሪው ሰውነት በዓይንና በልምምድ መተላለፉን ቀጠለ።

እንዲህ ያለ መምህር የሚወጣበት መንገድ ረጅም ነው። ፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ባለው ገጠር ግን ከኮሌጁ የሚቀድም ሌላ የመምህርነት መንገድ አለ። የምዕራብ ጎጃም ልጅ ንባብና ዳዊት ከደገመ በኋላ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከቤቱ ይወጣል። ለቅኔ ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ጎጃም ራሷ፣ በተለይም ዋሸራ፣ የቅኔ አገር ናትና። አቋቋምን አስመስክሮ መምህር ለመሆን ግን ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር በአታ መጓዝ የቆየ ልማድ ነው። በዚያ ለዓመታት ያጠናል፤ ከበሰለ በኋላም እርሱ ራሱ ጀማሪዎችን እያለማመደ ይማራል። መምህርነቱ የሚጸናው የምስክር ቤቱ መምህር አይቶና ሰምቶ ሲመሰክርለት ነው። ከዚያም ወደ አገሩ ተመልሶ ወንበር ይዘረጋል።

የመምህሩን ክብደት ከሁሉ በላይ የሚያሳየን የአለቃ ገብረ ሐና ታሪክ ይመስለኛል። በቀልዳቸው ብዙ ሰው የሚያውቃቸው እኚህ የ19ኛው መቶ ዘመን ሊቅ በፎገራ የተወለዱ የአቋቋም ባለሙያ ነበሩ። በቃል እንደሚነገረው፣ የጣናን ማዕበልና የሸምበቆን መወዛወዝ ተመልክተው አዲስ ዝማሜ አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት ግን የቆየውን ሥርዓት ትተው አዲሱን አልተቀበሉም። አለቃ እንቅስቃሴውን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌም በደብረ ታቦር ተማሪ ሰብስቦ አስፋፋው። እነሆ ዛሬ ሥርዓቱ «ተክሌ አቋቋም» ይባላል። ስያሜው ያረፈው ባመነጨው አባት ላይ ሳይሆን ባስተማረው ልጅ ላይ ነው። አንድ እንቅስቃሴ የሚዘልቀው ተማሪ አቁሞ የሚያርም ሰው ሲያገኝ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አላገኘሁም።

ይህን የማነሣው ለዛሬው ጭንቀታችን ነው። በቡሬ ዙሪያ ባሉ የገጠር አጥቢያዎች በክብረ በዓል ስገኝ፣ ወረብን ከስልክ ቪዲዮ ያጠኑ ወጣቶች እመለከታለሁ። ትጋታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ የእንቅስቃሴውንም ቅርጽ በሚገባ ይይዛሉ። ነገር ግን ቪዲዮ ያሳያል እንጂ አያይም። ወገቡ የጎበጠውን፣ ትከሻው የተገተረውን፣ ከቃሉ ቀድሞ የሚወዛወዘውን ልጅ ጠርቶ «እንደገና ቁም» የሚለው የኔታ ነው። አንድ የኔታ ተተኪ ሳያስመሰክር ቢያልፍ መጽሐፉ በዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ አቋቋሙ ግን ከእርሱ ጋር ይቀበራል።

እኛ በዩኒቨርሲቲ ያለን መምህራን ይህን ሙያ «ባህላዊ» ብለን ወደ ዳር ማስቀመጥ ይበቃናል። የመምህራን ትምህርት ታሪክ ስናስተምር የአቋቋም መምህራንን እንደ ሙያ አጋሮቻችን እንጋብዛቸው፤ ለድካማቸውም ተገቢውን እንክፈል። ስንቀርጻቸውም የበዓሉን ውበት ብቻ ሳይሆን ተማሪ ሲያርሙ እንቅረጽ፤ ጥበቡ ያለው በእርማቱ ውስጥ ነውና። ከሁሉም በላይ አንድ ልጅ ለዓመታት በጉባኤ ቤት መቆየት እንዲችል ምግቡና መጠለያው ይታሰብለት። የገጠሩ ሕዝብ ያንን ተማሪ በቁራሽ እንጀራ ሲያኖረው ኖሯል፤ የቀረው ድርሻ የእኛ ነው።