ጉንዳን በላው የተባለው መጽሐፍ

ሰኔ 14 የዓለም የዮጋ ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ዕለቱን የሰየመው እ.ኤ.አ. በ2014፣ በሕንድ አቅራቢነትና በ177 አገሮች ደጋፊነት ነበር። በዚህ ቀን ምንጣፉን ለሚዘረጋ ሰው፣ የሚሠራው እንቅስቃሴ ሺህ ዓመታት ያስቆጠረ እንደሆነ ይነገረዋል። የዮጋ ሐሳብ በእርግጥ ጥንታዊ ነው፤ እንቅስቃሴዎቹ ግን ሌላ ታሪክ አላቸው።

የፓታንጃሊ «ዮጋ ሱትራ» ስምንት ደረጃዎችን ይዘረዝራል። አለመጉዳትና እውነተኛነት ይቀድማሉ፤ የሰውነት አቀማመጥ፣ የትንፋሽ ቁጥጥርና ተመስጦ ይከተላሉ። ከ190 በላይ ከሆኑት አጫጭር አንቀጾቹ ስለ አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስት ብቻ ናቸው። በ15ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው «ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ» እንኳ የሚገልጸው 15 አቀማመጦችን ነው። ታዲያ ዛሬ ከትንፋሽ ጋር ተያይዘው የሚሠሩት እነዚያ ሁሉ እንቅስቃሴዎች ከየት መጡ?

ማይሶርን ሳያነሡ ይህን መመለስ አይቻልም። በ1930ዎቹ የዚያች የደቡብ ሕንድ ግዛት መሃራጃ፣ ክሪሽናራጃ ዎዲያር አራተኛ፣ የሳንስክሪት ሊቁን ቲሩማላይ ክሪሽናማቻሪያን ጠርተው በጃጋንሞሃን ቤተ መንግሥት ዮጋ እንዲያስተምሩ አደረጉ። ከተማሪዎቻቸው መካከል ፓታቢ ጆይስ፣ የባለቤታቸው ወንድም ቢ.ኬ.ኤስ. አየንጋር እና ሪጋ የተወለዱት ኢንድራ ዴቪ ይገኛሉ። መምህሩ ኢንድራ ዴቪን መጀመሪያ አልቀበልም ብለው ነበር፤ ያግባቧቸው መሃራጃው ናቸው። እኒህ ሴት በ1947 ሆሊውድ ውስጥ የዮጋ ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ክርክሩ ያለው በእንቅስቃሴዎቹ ምንጭ ላይ ነው። በፓታቢ ጆይስ ተማሪዎች ዘንድ የሚተላለፈው ትረካ፣ የእንቅስቃሴዎቹ ቅደም ተከተል የተወሰደው «ዮጋ ኮሩንታ» ከተባለ ጥንታዊ ጽሑፍ ነው ይላል። ክሪሽናማቻሪያ ካልካታ ውስጥ አገኙት፤ ኋላ ግን ጉንዳን በላው። በ1996 ኖርማን ሾማን የተባሉት ተመራማሪ ሌላ መንገድ አሳዩ። የማይሶር ቤተ መንግሥት 122 አቀማመጦች በሥዕል የሰፈሩበት የ19ኛው መቶ ዘመን የእጅ ጽሑፍ ነበረው፤ የጂምናስቲክ ልምምድም ነበረው። ማርክ ሲንግልተን በ2010 ባሳተሙት መጽሐፍ በጊዜው ሕንድ ውስጥ የተስፋፋውን የአውሮፓ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ጨመሩበት።

ለእኔ የሚታመነው ይኸኛው ነው። ክሪሽናማቻሪያ በኋለኛ ዘመናቸው ማድራስ ሆነው ትምህርቱን በተማሪው ዕድሜና ሕመም ልክ ይለዋውጡ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከአንድ መጽሐፍ ብቻ የቀዳ አይመስለኝም። ያገኙትን አዋህደው አዲስ ነገር የሠሩ ታላቅ መምህር ናቸው፤ ይህም ክብራቸውን ከፍ ያደርገዋል።

ክሪሽናማቻሪያ ከማይሶር በፊት ቲቤት ውስጥ፣ በካይላሽ ተራራ አጠገብ፣ ራማሞሃን ብራህማቻሪ ከሚባሉ መምህር ዘንድ ሰባት ዓመት ተኩል እንደተማሩ ይናገሩ ነበር። የዚያ ዘመን ታሪክ ከራሳቸው አንደበት የወጣ ነው።

በልጅነታቸው በሳንባ ነቀርሳ፣ በወባና በታይፎይድ የተደቆሱት አየንጋር 95 ዓመት ኖረዋል። ቀበቶንና የእንጨት ብሎኬትን መደገፊያ አድርገው፣ ሰውነቱ የማይተጣጠፍ ሰውም ዮጋ እንዲሠራ መንገድ ከፈቱ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ከሚሞከሩት መካከል ዮጋን አካትቷል። ግላኮማ ያለበት ሰው ግን በጭንቅላት መቆምን ይተው፤ የዓይንን ግፊት ይጨምራል።