የድርቆሹ ጋሪ፦ የተራ ቀን ግርማ

ሦስት ፈረሶች የሚስቡት ባዶ ጋሪ ጥልቀት በሌለው ወንዝ ውስጥ ገብቷል። በስተግራ አሮጌ የገበሬ ቤት ይታያል፤ ከቤቱ ሥር አንዲት ሴት ወደ ውሃው አጎንብሳለች። በዳርቻው የቆመ ውሻ ባለጋሪዎቹን ይመለከታል፤ ከሩቅ መስክ ሣር አጫጆች እንደ ነጭ ነጥብ ብቅ ይላሉ፤ ከሁሉም በላይ ዝናብ ልጣል አልጣል የሚል ሰማይ ተዘርግቷል። ሌላ ምንም የለም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል እ.ኤ.አ. በ1821 ለሕዝብ ያቀረበው «የድርቆሽ ጋሪ» ይኸው ነው።

ሸራው 1.30 ሜትር ቁመትና 1.85 ሜትር ስፋት አለው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ስፋት በአመዛኙ ለነገሥታት፣ ለጦርነትና ለቅዱሳት መጻሕፍት ታሪክ የሚሰጥ ክብር ነበር፤ መልክዓ ምድር በሥነ ጥበብ ማዕረግ ዝቅ ያለ ስፍራ ነበረው። ኮንስታብል ግን የንጉሡን ስፍራ ለጋሪ ሰጠ። ድፍረቱ እዚህ ላይ ነው፤ ድምፅ የሌለው ድፍረት።

ኮንስታብል በ1776 በሰፎክ አውራጃ፣ በኢስት በርግሆልት መንደር የተወለደ የባለወፍጮ ልጅ ነው። በሥዕሉ የሚታየው የስቱር ወንዝ ውሃ በአባቱ ወፍጮ ደጃፍ የሚያልፍ ነው፤ ቤቱም የጎረቤታቸው የዊሊ ሎት ነው። ሥዕሉን የሠራው ግን ለንደን ተቀምጦ፣ ቀድሞ በስፍራው በነደፋቸው ንድፎች እየታገዘ ነው። የጋሪው አሠራር እንዳይሳሳትበት ከመንደሩ ንድፍ አስልኮ ነበር። በ1821 እና በ1822 ደግሞ በሃምፕስቴድ ኮረብታ ደመና ብቻ እየሳለ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ በጀርባው ይጽፍ ነበር። ተራ ነገር በተራ ትጋት አይሳልም።

ሥዕሉ በሮያል አካዳሚ «መልክዓ ምድር፦ ቀትር» በሚል ርእስ ሲታይ ገዢ አላገኘም። በ1824 ፓሪስ ተሻግሮ ግን ከንጉሥ ሻርል 10ኛ የወርቅ ሜዳሊያ አስገኘ፤ ደላክሯም በኮንስታብል ሥራዎች ተደንቆ «የኪዮስ እልቂት» የተባለውን የራሱን ሥዕል እንደገና በቀለም ዳሰሰው። በአገሩ አካዳሚው ሙሉ አባል ያደረገው በ1829 ነው፤ ባለቤቱ ማሪያ ከሞተች ጥቂት ወራት በኋላ። ደስታውን የሚያካፍላት ሳትኖር የመጣ ሹመት ነበር። እርሱም በ1837 አረፈ፤ ሥዕሉ በለንደን ብሔራዊ ጋለሪ ስፍራ ያገኘው በ1886 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አይታለፍም። በ1816 እና በ1822 በዚያው በምሥራቅ እንግሊዝ ሥራና እንጀራ ያጡ የእርሻ ሠራተኞች ተነሥተው የእህል መውቂያ መኪና ሰብረዋል፤ ክምርም አቃጥለዋል። በሸራው ላይ ከዚህ አንዳች የለም። ታዲያ ጸጥታው ውሸት ነውን?

እኔ ውሸት አልለውም፤ ሙሉ እውነትም አልለውም። አጫጆቹን ነጥብ አድርጎ ያሳየን ከባለወፍጮው ደጃፍ የሚያይ ዓይን ነው፤ ይህን ልብ ማለት ይገባል። ነገር ግን ያው ዓይን፣ ታሪክ ጸሐፊዎች የማይመዘግቡትን አንድ ቀትር ከነደመናው፣ ከነውሻው፣ ከነጋሪው መዝግቦ አቆይቶልናል። ነገሥታቱ ብዙ ሠዓሊ ነበራቸው፤ ያ ቀትር ግን አንድ ሰው ብቻ ነበረው።