ማማ የሌለው ታንክ

በላስታ ካለችው ከብልባላ ዙሪያ የሚነሱ ወንዞች መድረሻቸው ተከዜ ነው። ከላስታ ተራሮች የሚፈልቀውን ይህንኑ ወንዝ፣ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ጦርነት፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ታች ሽሬ አጠገብ ታንክ ያስቆመ ሠራዊት ተሻገረው።

ያ ሠራዊት ታንኩን እንዴት እንዳስቆመ ለመረዳት ከአንድ ሞዴል እንነሳ። ወታደራዊ ሞዴል መገጣጠም የሚወዱ ሰዎች የጀርመኑን ታንክ አጥፊ ሄትዘርን አሳምረው ያውቁታል። በ1936 ዓ.ም. ጦር ሜዳ የገባው ይህ ተሽከርካሪ 16 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ መድፉ 75 ሚሊ ሜትር፣ የፊት ብረቱ 60 ሚሊ ሜትር ነው። በ35 እጥፍ ያነሰው ሞዴሉ ከነመድፉ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስትገጥሙት አንድ ነገር ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል፤ የሚሽከረከር ማማ የለውም። መድፉ ፊቱ ላይ ስለተተከለ ጎኑን ለመተኮስ መላ አካሉን ማዞር ግድ ይለዋል።

የጎጃም ገበሬዎች ይህንኑ ጉድለት በኢጣሊያኑ ኤል 3 ላይ ያገኙት ሄትዘር ከመሠራቱ ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ኤል 3 ሦስት ቶን የሚያልፍ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ትንሽ ታንክ ነበር። መትረየሱ ወደፊት ብቻ ያያል፤ ከጎንና ከኋላ ግን ዕውር ነው።

እነዚህ ገበሬዎች የዘመቱበት፣ የጎጃም ገዥ የነበሩት የራስ እምሩ ጦር ተከዜን በሌሊት ተሻገረ። ታኅሣሥ 5 ቀን የፊታውራሪ ሽፈራው ሰዎች የደምበጉይናን መተላለፊያ ዘግተው ጠበቁ። የኢጣሊያ ጦር መኮንን ሻለቃ ክሪኒቲ ዘጠኝ ታንክ አስከትሎ ሊጥሰው ሞከረ። ቦታው ጠባብና ድንጋያማ ነበርና ታንኮቹ እንደልባቸው መዞር አቃታቸው። ተዋጊዎቹም መትረየሱ በማያይበት በኩል ተጠጉ፤ ሰንሰለቱን በድንጋይ አነቁ፣ እየተረባረቡ ገለበጡ፣ አቃጠሉ። ባላምባራስ ተሰማ ከኋላ ዘሎ አንዱ ታንክ ላይ ወጣና ክዳኑን እየደበደበ ውስጥ ያሉትን ክፈቱ አላቸው። ሲከፍቱለት በሰይፍ ጨረሳቸው።

እኔ ታንክ አጥፊ የሚለው ስም ከማንም በፊት ለእነዚህ ሰዎች ይገባል ባይ ነኝ።

ድሉ ግን ዕድሜ አላገኘም። ሳምንት ያህል ብቻ ቆይቶ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በተከዜ ዳር የመርዝ ጋዝ በሠራዊቱ ላይ ጣሉ፤ ለዚያ ደግሞ ድንጋይም ሰይፍም መልስ አልነበረውም። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተሸነፈ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ ወር ሲያፈገፍጉ ወደ ላሊበላ ጎራ ብለው በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ጸለዩ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ቀጥሎም ስደት።

የኤል 3 ተገጣጣሚ ሞዴልም ይሸጣል። ርዝመቱ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ነው። የሚገጥመው ወጣት አጠገቡ አንድ የጎጃም ገበሬ ቀርጾ እንዲያቆምለት እለምነዋለሁ፤ ጋቢውን ያደገደገ፣ ድንጋይ የተሸከመ። ልኩን ከጠበቀ ሰውየው አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ታንኩ አራት እንኳ አይሞላም።