ናዝሬት፣ ገሊላ፣ ወንጂ

በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ የመካከለኛው ኢትዮጵያ ካርታ የሚያይ ሰው ኢየሩሳሌም ሊሳለም የወጣ ሊመስለው ይችላል። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ተብላለች፣ አዳማ ናዝሬት፣ ከቆቃ ግድብ በስተጀርባ የተኛው ውሃ ደግሞ ገሊላ። በወንጌሉ ናዝሬት በገሊላ እንዳለች ሁሉ እዚህም ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ስም ያወጣው ሰው መጽሐፉን በደንብ ያውቅ ነበር።

አዳማ የሚለው ጥንታዊው የኦሮምኛ ስም ነው። ብዙዎች በአካባቢው ከሚበቅለው ቁልቋል፣ በኦሮምኛ «አዳሚ» ከሚባለው ተክል ጋር ያያይዙታል። ከተማዋ የጅቡቲው ባቡር ሲያልፍባት አደገች፣ ናዝሬት ተባለች፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ አዳማነቷ በይፋ ተመለሰላት። የሚኒባስ ረዳቶች ግን አዋጁን የሰሙት አይመስልም፤ ዛሬም አዲስ አበባ ላይ «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያሉ ይጣራሉ።

ከአዳማ በስተደቡብ፣ ብዙ ሳይርቁ የምትገኘው ወንጂ ግን ስሟን ማንም አልነካባትም። የውጭ ሰው እጅ በሰፊው ያረፈው በእሷ ላይ መሆኑን ለሚያስብ ነገሩ ይገርማል። ኤች.ቪ.ኤ. በሚል ምህጻር የምናውቀው የአምስተርዳም ንግድ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1879 ሲሆን ሀብቱን ያካበተው በጃቫ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነው። ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ የማኅበሩ ወንበር ተነቃነቀ። ሌላ መሬት ሲያማትር የአዋሽን ዳርቻ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፣ በ1954 ንጉሠ ነገሥቱ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ መርቀው ከፈቱ። የመጀመሪያው ፋብሪካ በቀን 1,400 ኩንታል ስኳር ያመርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ሁለተኛው ሲታከል «ሸዋ» ተባለ።

ሆላንዶች በሄዱበት ሁሉ የአገራቸውን ስም መትከል ያውቁበታል። ጃካርታን ባታቪያ ብለዋት ከ300 ዓመት በላይ ቆይታለች፤ ኒው ዮርክም እ.ኤ.አ. ከ1664 በፊት ኒው አምስተርዳም ነበረች። አዋሽ ላይ ግን አንዲት መንደር እንኳ ሮተርዳም አላሉም። ትሕትና ይዟቸው ነው አልልም። የመጡት በውል ነው፤ መሬቱ የኪራይ ነው፤ አገሩ ላይ ደግሞ ስም የማውጣት ሥልጣኑን ለማንም የማያካፍል ንጉሥ አለ። ተከራይ የቤቱን ስም አይለውጥም።

ስም ባይተክሉም ቦዩን ቆፍረዋል። የወንጂ ሜዳ አዋሽ ሲሞላ የሚተኛበት ረግረግ ነበር። ከባሕር ወለል በታች የሚኖር ሕዝብ ውሃን በክትር መያዝና በቦይ ማውጣት የእለት ሥራው ነው፤ ያንኑ ከ1,500 ሜትር ከፍታ በላይ ይዞት መጣ። ሜዳው ተመነጠረ፣ ተጠነፈፈ፣ በመስመር ተከፋፈለ። ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምርም የአዋሽ ሙላት ተገታ። አገዳውን ለመቁረጥ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ብዙ ሰው መጣ። ሠራተኛው የሚኖርበት መንደር ደግሞ ዛሬም ድረስ «ካምፕ» ነው የሚባለው።

ያልተገታው ከታች ያለው ነው። የወንጂ መሬት እየተሰነጠቀ ነው። ፖል ሞር የተባለው የሥነ ምድር ሊቅ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የሚያልፈውን የስንጥቅ ሰንሰለት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ «የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ» ብሎ ሰየመው። ወንጂን አይቶ የማያውቅ የውጭ ተማሪ ስሟን ከመማሪያ መጽሐፍ የሚያውቃት በዚህ ነው። በዚያው እሳተ ገሞራ ወለድ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚመጣው የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው፤ የወንጂ ጉድጓዶች ብዙ እጥፍ ነበሩ። ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ በቀለ። ለዓመታት የጠጡት አዋቂዎች ጀርባቸው እየደረቀ አንገታቸውን ማዞር አቃታቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፍሎራይዱን የሚያጣሩ መሣሪያዎች ተተከሉ፤ ያደገውን ጥርስ ግን አይመልሱም። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰው ሲስቅ «ወንጂ ነው ያደግከው?» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። የትውልድ ቦታን በጥርስ ላይ ጽፎ የሚልክ ሌላ ከተማ ከስምጥ ሸለቆ ውጭ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1975 ደርግ ድርጅቱን ወረሰ፤ ኤች.ቪ.ኤ. ከማኅተሙ ላይ ጠፍቶ በሽማግሌዎች አፍ ላይ ቀረ። የሆላንዶቹ ሁለት ፋብሪካዎች ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ከፈጩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ተዘጉ፤ አዲሱ ፋብሪካ የተተከለው አዋሽን ተሻግሮ፣ አርሲ ውስጥ፣ ዶዶታ ነው። የሚጠራው ግን ወንጂ ሸዋ ተብሎ ነው። ሸዋ የሚለው ስም አርሲ መሬት ላይ ቆሞ ስኳር ያመርታል ማለት ነው፤ ማንም አልተከራከረበትም።

ሆላንዶች ስማቸውን ሳያስቡት የተከሉት ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ነው። ዝዋይ ዛሬ በይፋ ባቱ ናት፤ ሐይቁንም የኦሮምኛ ተናጋሪው ደምበል ይለዋል። ሼር የሚባለው የሆላንዶች የጽጌረዳ እርሻ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከኬንያው ናይቫሻ መጥቶ እዚህ ሰፈረ። ከአሥር ሺህ በላይ ሠራተኛ ቀጠረ፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሠራ። አበባው ሌሊት በቀዝቃዛ መኪና ወደ ቦሌ ይነሣል፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ። ባቱ ላይ ባጃጅ ይዘህ «ሼር» ብትል ሹፌሩ ሌላ አይጠይቅህም። ለልጇ ክትባት የምትሄድ እናት «ሼር ነው የምወስደው» ትላለች፣ የሌሊት ተረኛውም «ሼር ነኝ» ይላል። የከተማዋን ስም ዝዋይ ወይስ ባቱ በሚለው ላይ የማይስማሙ ሁለት ሰዎች በዚህኛው ላይ ይስማማሉ።