ሙዚቃ ቤቱ ደረጃ ላይ የተቀመጠው ሳጥን

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ኦገስት 8 ቀን 1973። በእኛ ነሐሴ 2 ቀን 1965 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የወሎ ረሃብ ሰው የሚጨርስበት፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ስድስት ወር የቀረው ጊዜ። በዚያ ቀን ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በርክሌይ በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ ሊዮፖልድስ ሪከርድስ የሚባል ሙዚቃ ቤት ደረጃ ጫፍ ላይ አንድ የካርቶን ሳጥን ተቀመጠ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቴሌታይፕ ነው። ስክሪን የለውም። የተጻፈውን ሁሉ ወረቀት ላይ እየተንጣጣ የሚያትም፣ በሰከንድ ከ10 ፊደል በላይ የማይችል ማሽን ነው። ጩኸቱ ደንበኛ እንዳያባርር ብለው ነው በስፖንጅ በተለበጠ ሳጥን የሸፈኑት። እጅ የሚገባበት ሁለት ቀዳዳ አለው። ከዚያ በስልክ መስመር አድርጎ፣ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከተቀመጠ ኤስዲኤስ 940 ከሚባል ክፍል የሚሞላ ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። ስሙን ኮሚዩኒቲ ሜሞሪ አሉት። «የማኅበረሰብ ትውስታ» ብንለው ያስኬዳል።

ከሠሪዎቹ መካከል ሊ ፌልሰንስታይን፣ ኤፍሬም ሊፕኪንና ማርክ ሽፓኮውስኪ ይገኛሉ። ያኔ ኮምፒውተር ማለት የመንግሥት፣ የባንክና የጦር ሠራዊት ዕቃ ነው። በርክሌይ ደግሞ የቬትናምን ጦርነት ስትቃወም የኖረች ከተማ ናት። ፌልሰንስታይን በኋላ ሲያወራ፣ ሰው «እንዴት ኮምፒውተር ሙዚቃ ቤታችን ታመጣላችሁ!» ብሎ እንዳይነሳባቸው ፈርተው ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ማሽኑ አጠገብ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያልፈውን ሁሉ «ልትሞክረው ትፈልጋለህ?» ይላል፤ የተጠየቀውም ደስ ብሎት እጁን ቀዳዳው ውስጥ ይከታል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሳጥኑ የተቀመጠው የት ነው? ከሙዚቀኞች የማስታወቂያ ሰሌዳ ጎን ነው። «ባስ ጊታር ተጫዋች እንፈልጋለን»፣ «ከበሮ የሚሸጥ አለኝ» የሚል ብጥስጣሽ ወረቀት በመርፌ የሚሰካበት ሰሌዳ። ሙዚቀኛው ድሮም እዚያ የሚመጣው ሰው ፈልጎ ነው። ስለዚህ ማሽኑን ለመጠቀም ማንም ማሳመን አላስፈለገውም። ፈጥነው የገቡበትም ሙዚቀኞቹ ነበሩ።

አሠራሩ በጣም ቀላል ነው። ዋናዎቹ ትእዛዞች ሁለት ናቸው፤ ጨምር እና ፈልግ። የምትፈልገውን ወይም ያለህን ትጽፋለህ፣ ሌላው እንዲያገኘው ደግሞ መጠቆሚያ ቃላቱን ራስህ ትሰጠዋለህ። አስቀድሞ የተዘረዘረ ምድብ የለም። ቤት ተከራይ፣ ወደ ሩቅ ከተማ መኪና የሚጋራ ሰው፣ ቼዝ የሚጫወት፣ ግጥም መለጠፍ ያማረው፣ ሁሉም በራሱ ቃል ገባ። ቤንዌይ በሚል የብዕር ስም እየገባ የሚያላግጥ ሰው ሳይቀር ነበር። (የዛሬዎቹ ቀልደኞቻችን አያት በሉት።)

ከሁሉ የምወደው የቤግሉ ታሪክ ነው። ቤግል ቀለበት የመሰለ የአይሁድ ዳቦ ነው። አንድ ሰው «በዚህ አካባቢ ደህና ቤግል የት ይገኛል?» ብሎ ጠየቀ። ለጥያቄው የተለያየ መልስ መጣ። ሱቅ የሚጠቁሙ መልሶች ነበሩ፤ ይሄ የሚጠበቅ ነው። አንደኛው መልስ ግን የአንድ የቀድሞ ቤግል ጋጋሪ ስምና ስልክ ነበር፤ አጋገሩን ያስተምርሃል የሚል። ልብ በሉ፣ ጠያቂው ዳቦ ነበር የፈለገው፤ ያገኘው አስተማሪ ነው። ያንን ጋጋሪ የሚያውቅ ምን ዓይነት ምድብ ይኖራል? «ምግብ» የሚል ስዕል ተጭኖ አይገኝም።

ይህን ታሪክ ምን አስታወሰህ ትሉኝ ይሆናል። ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው። የጋራ ዝንባሌ ያላቸውን ሰዎች የሚያገናኝ አፕ ሠርተዋል። አንደኛው ለዚሁ ብሎ ከሥራው ለቋል፤ ሌላኛዋ የወጣላትን ዕቁብ ለሰርቨርና ለዲዛይን አፍስሳዋለች። ቀልድ አይደለም፣ የሁለት ቤተሰብ ገንዘብ ነው። አፑ እውነትም ያምራል። ስትመዘገቡ ፊልም፣ እግር ኳስ፣ ቡና፣ ጉዞ፣ መጽሐፍ የሚሉ ስዕሎች ይደረደሩላችኋል፤ የምትወዱትን ትነካላችሁ፤ «እንደ እርስዎ መጽሐፍ የሚወዱ ሰዎች» ብሎ ፎቶ ይደረድርላችኋል። ሰው ይመዘገባል። ይነካካል። ከዚያ ዝም። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ የሚከፍተው የለም። «ቲቸር፣ ምኑ ጋ ነው የተበላሸው?» አሉኝ። ኮዱ ጋ እንዳይመስላችሁ፤ ኮዱን አይቼዋለሁ፣ ከእኔ የተሻለ ነው የጻፉት።

ይሄ የእነሱ ብቻ ችግር አይደለም። በ2004 ጉግል ውስጥ ይሠራ የነበረ ኦርኩት ቡዩክኮክተን የሚባል ቱርካዊ መሐንዲስ በራሱ ስም የተጠራ ማኅበራዊ ድረ ገጽ ጀመረ። ብራዚልና ሕንድ ጉድ አሰኘ። ማንም ሰው በፈለገው ርእስ ቡድን መክፈት ይችላል። ከግዙፎቹ ቡድኖች አንዱ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? «ማለዳ መነሳት እጠላለሁ»። አባላቱ በሚሊዮን ይቆጠሩ ነበር! እኔም ብሆን እገባ ነበር። ግን ማለዳ መነሳት የሚጠሉ ሚሊዮን ሰዎች ተሰብስበው ምን ያወራሉ? ስሙ ፕሮፋይል ላይ ሲታይ ያስቃል፣ በቃ። ደረት ላይ የሚለጠፍ ባጅ ነው። ኦርኩት ውስጥ የደመቀ ጨዋታ የነበረባቸው ቡድኖች አልነበሩም ማለቴ አይደለም፤ ነበሩ። እነሱ ግን ባጁን ሳይሆን ጥያቄውን ይዘው የገቡት ናቸው። ኦርኩት ሴፕቴምበር 30 ቀን 2014 ተዘጋ።

ሚትአፕን ደግሞ እዩት። ኒውዮርክ፣ 2002። ከመስከረም አንዱ ጥቃት በኋላ በነበሩት ቀናት ስኮት ሃይፈርማን ለዓመታት ሰላም ብሏቸው የማያውቃቸውን ጎረቤቶቹን ማነጋገር ጀመረ፤ ነገሩ ገረመው። አሜሪካውያን ከማኅበርና ከእድር መሰል ስብስብ እየራቁ ብቻቸውን መቅረታቸውን የሚያትተውን የሮበርት ፑትናምን የ2000 መጽሐፍም አንብቦ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር የሠራው ነገር ሰውን ከስክሪን አስነስቶ ካፌ የሚያስቀምጥ ሆነ። ርእስ፣ ከተማ፣ ቀን፣ ቦታ። እነዚህ አራቱ ከሌሉ ምንም የለም። በ2003 የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ይወዳደር የነበረው ሃዋርድ ዲን ደጋፊዎች በዚህ መንገድ ሲሰባሰቡ ከ100 ሺህ በላይ ሆኑ። ፖለቲካው ግን አልፎ ይሄዳል። ሥር የሰደዱት እነማን ናቸው? ለምሳሌ ልጅ ይዘው ቤት የሚውሉ እናቶች። በየከተማው ብቻቸውን የነበሩ፣ የሚያወሩት አዋቂ ሰው የናፈቃቸው እናቶች። ባጅ አልፈለጉም፤ ማክሰኞ ጠዋት ሰው ነው የፈለጉት።

በ2005 ሚትአፕ ቡድን የሚመሩትን ሰዎች በየወሩ ማስከፈል ሲጀምር ብዙ ቡድን ተበተነ። ብዙዎች «ሞተ» አሉ። እኔ በዚህ ላይ የተለየ አስተያየት አለኝ። የቀሩት ቡድኖች ባለቤት ያላቸው ነበሩ፤ ጠርቶ፣ ወንበር ይዞ፣ አዲስ የመጣውን «ና እዚህ ተቀመጥ» የሚል ሰው ያላቸው። እዚያ በርክሌይ ከሳጥኑ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ሥራ ማለት ነው። ድርጅቱማ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ዊወርክ በ2017 ገዛው፣ በ2020 ሸጠው፣ በ2024 ደግሞ የጣልያኑ ቤንዲንግ ስፑንስ ወሰደው።

የኮሚዩኒቲ ሜሞሪስ መጨረሻ? የመጀመሪያው ሙከራ በ1975 መጀመሪያ ላይ ቆመ። ያ ግዙፍ ኮምፒውተር የሚቀለብ አልነበረም። ፌልሰንስታይን በዚያው ዓመት የተጀመረውን ሆምብሩ የኮምፒውተር ክለብ ስብሰባ ሲመራ ቆየ፤ የአፕሉ ስቲቭ ዎዝኒያክ የወጣበት ክለብ ነው። ከ1984 ጀምሮ ደግሞ በርክሌይ ውስጥ በሳንቲም የሚሠሩ ተርሚናሎች ተተከሉ፤ ማንበብ በነጻ፣ ሐሳብ መጨመር 25 ሳንቲም፣ አዲስ ርእስ መክፈት 1 ዶላር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሱም ቆመ።

ልጆቹን የነገርኳቸው ይሄንኑ ነው። ስዕሎቹን አንሱ፣ አንድ ሰፈርና አንድ ጉዳይ ያዙ፣ ሰው ድሮም የሚጠያየቅበት ቦታ ሄዳችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ ኢንቨስተር ትልቅ ቁጥር ነው የሚፈልገው አሉኝ። ከብዙ ክርክር በኋላ ስዕሎቹን አንስተው የባህል ሙዚቃ መሣሪያ ለሚማሩ ሰዎች ብቻ አደረጉት፤ አሁን አንዷ ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ ቦታ እየሄደች ከተማሪዎቹ ጎን ትቀመጣለች። የገቡት ጥያቄዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱ እስካሁን መልስ አላገኘም፤ «የአባቴ ማሲንቆ ቆዳው ተቀዶብኛል። አዲስ አበባ ውስጥ በደንብ የሚያለብስልኝ ሰው የት አገኛለሁ?» ይላል። የምታውቁ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አደርስላቸዋለሁ።