ማስረጃው በማን ጫንቃ ላይ ነው?

የዛሬው ዝግጅታችን በጣና ዳር የሚኖሩ ቤተሰቦችን የዕለት እንጀራ የሚነካ ጥያቄ ያነሣል። ባሕር ዳር ላይ አንድ ተቆጣጣሪ የዓሣ አጥማጅን መረብ «ዓይኑ ከተፈቀደው ይጠብባል» ብሎ ቢይዝ፣ አጥማጁም «አይጠብም» ቢል፣ ማስረዳት ያለበት ማን ነው? መረቡ ከተያዘ የዚያ ቤት ልጆች ቀለብም አብሮ ተያዘ ማለት ነው።

ጥያቄው የቆየ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ሁሉ በአፉ ብቻ የሚታመን ቢሆን የሌላው ደምና ገንዘብ ዋስትና እንደማይኖረው አስተምረዋል። ስለዚህ ማስረጃ ማቅረብ የከሳሹ፣ መሐላ ደግሞ የካጁ ሆነ። ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጣብም (ረ.ዐ) ለአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ በላኩት ዝነኛ የዳኝነት ደብዳቤ ይህንኑ መመሪያ እንደሰጡ ይተረካል።

የመንግሥት ሰውስ ከዚህ ነፃ ነውን? በ450 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ቃዲ አል-ማዋርዲ ስለ ገበያው ተቆጣጣሪ፣ ስለ ሙሕተሲብ፣ በሰፊው ጽፈዋል። ሙሕተሲብ ሚዛን ያያል፣ በግልጽ የታየን ጥፋት ያስቆማል። የተሰወረውን ግን አይሰልልም። ተከሳሹ ከካደና ምስክር ወይም መሐላ ካስፈለገ ጉዳዩ ከእጁ ወጥቶ ለቃዲ ይቀርባል። ያዡ ራሱ ፈራጅ እንዳይሆን ወሰን ተበጅቶለታል ማለት ነው።

በአገራችን በቀድሞው ዘመን ሸክሙ በሕዝቡ ላይ የወደቀበት ጊዜም ነበር። ሌባው ያልታወቀ ስርቆት ሲደርስ አውጫጭኝ ይጠራል። የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ይያዛል፤ የቀረም ይቀጣል። ንጹሑ ሁሉ ንጽሕናውን ለማሳየት ሥራ ፈትቶ ይውላል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ደነገገ። ለዓሣ ሀብትም በ1995 ዓ.ም. የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ፤ የአማራ ክልልም የራሱን አወጣ። ቁጥጥሩ ያለ ምክንያት አይደለም። በክረምት ዓሣው ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ በጠባብ መረብ ከተጠረገ፣ ለነገ የሚተርፍ አይኖርም። ይሁን እንጂ አጥማጁ ፍርድ ቤት ከቀረበ ጥፋቱን ማስረዳት ያለበት ዐቃቤ ሕግ ነው። መረቡም መለካት፣ ምስክሩም መሰማት አለበት።

እዚህ ላይ ግን ነጋዴዎቻችን ልብ ይበሉ! በግብር ጉዳይ ነገሩ ይገለበጣል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 የታክስ ውሳኔ ትክክል አይደለም የሚለው ግብር ከፋይ ስህተቱን ራሱ እንዲያስረዳ ያዛል። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት የንግዱ ሂሳብ ያለው በነጋዴው እጅ ነው የሚል ነው። እኛ እንደምናየው ይህ ምክንያት መዝገብ ለሚይዝ ትልቅ ድርጅት ይሠራ ይሆናል፤ በግምት ለሚገበርባት ትንሽ ሱቅ ግን ከባድ ነው። ገማቹ ግምቱን ከምን እንዳገኘው ቢያሳይ ለፍትሕ ይቀርባል።

እስከዚያው ሸክሙን የሚያቀልልን ጽሑፍ ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የሚናገረው ስለ ውል መጻፍና ስለ ምስክር መሆኑን አንርሳ። ደረሰኝ ይቀመጥ፣ የዕለት ሽያጭ ይመዝገብ። ንብረት ሲያዝም የተያዘው ነገር ዓይነትና ብዛት የተጻፈበት ወረቀት ይጠየቅ። አላህ ሐቅን ከሚጠብቁት ያድርገን።